ሳይነበቡ የተነበቡ መልእክቶች

በማተሚያ ቤቱ መግቢያ፣ ከመስታወቱ ጀርባ የምትቀመጠውን ሴት ሁሉም እታለም ነው የሚሏት። ትእዛዝ የምትቀበል፣ የደንበኛ ቁጣ የምታበርድ፣ የታተመውን ቆጥራ የምታስረክብ እሷ ናት። ስልሳ ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። ያልታጠበ ብርጭቆ ትታ የማትተኛ፣ የተከፈተ መሳቢያ አይታ የማታልፍ ሰው ስለሆነች፣ ኮምፒውተሯ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ዕረፍት ነሳት።

የኢሜይል ፕሮግራሟ ኢንቦክስ ከሚለው ቃል አጠገብ ያልተነበቡ አሥራ ሰባት መልእክቶች አሉ ይላል። ስትከፍተው ግን የሉም። አዲስ መልእክት በደማቅ ጽሑፍ ነው የሚመጣው፤ ሲነበብ ይደበዝዛል። እሷ ከላይ እስከ ታች ብትወርድ፣ ብትወርድ፣ አንድም ደማቅ መስመር አጣች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። አሥራ ሰባት እንዳለ ነው። አዲስ ሲገባ አሥራ ስምንት ይሆናል፤ ስታነበው ተመልሶ አሥራ ሰባት።

በመጨረሻ ለእህቷ ልጅ ደወለች። "ሰው የሌለበት በር ሲንኳኳ እንደ መስማት ሆነብኝ" አለችው።

የእህቷ ልጅ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነው። የማተሚያ ቤቱን ሥራ ያስገኘችለትም እሷው ናት። ሠራተኞቹ መብረቅ ይሉታል፤ ብልጭ ብሎ መጥቶ፣ ነካ አድርጎ ይጠፋልና። በዚያ ቀንም ሌላ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ተቋርጦ እየተጠራ ነበር የመጣው። ቦርሳውን ከትከሻው አላወረደም።

"መልእክቶቹ ደህና ናቸው" አላት ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብሎ። "የተነበበውንና ያልተነበበውን የሚመዘግብበት ማውጫ ነው የተበላሸው። ከሥሩ እንደገና መሠራት አለበት።"

"ታዲያ ሥራልኛ።"

የስንት ዓመት ትእዛዝ ከነሥዕሉ የተከማቸበት ሳጥን ነው። ማውጫው እንደገና ይሠራ ቢባል ከሰዓቱን ሙሉ ይፈጃል። ስልኩ ደግሞ ጮኸ። ስለዚህ አቋራጭ መረጠ፦ ያገኘውን መልእክት ሁሉ "ተነቧል" ብሎ ምልክት የሚያደርግ ማጣሪያ አዘጋጀና ለቀቀው። አሥራ ሰባቱ ብን ብሎ ጠፋ። ማውጫውን ነገ ተመልሼ በወጉ እሠራዋለሁ ብሎ በልቡ ያዘ። ማጣሪያው "አዲስ መልእክት ሲመጣም ሥራ" በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እንደነበረበት አላየም። አላጠፋውምም።

"ዛሬ ደግሞ ሳትቀመጥ?" አለው ማሽኒስቱ ወረቀት ተሸክሞ ሲያልፍ።

"መብረቅ ተቀምጦ ያውቃል?"

ተሳሳቁ። እታለም "እጅህ ይባረክ" ብላ እስከ በሩ ሸኘችው። ነገ ግን የራሱን ሥራ ይዞ መጣ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲህ የሚገባው መልእክት ሁሉ እንደ ተነበበ ሆኖ መግባት ጀመረ። ደማቅ መስመር የለም፣ ቁጥር የለም። አንዳንዱን ከላይ ስላገኘችው ታየዋለች፤ ሌላው ግን ሳታየው ከሥር ይቀበራል። መጀመሪያ ያመለጣት የአንድ ትምህርት ቤት መልእክት ነው፦ ምስክር ወረቀቱ ላይ የርእሰ መምህሯ ስም ተሳስቷል፣ እንዳታትሙ የሚል። ታትሞ አለቀ።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ከስክሪኑ ፊት ቆመ። "እታለም፣ ጠዋት እኮ ነው የገባው። ተነቧልም።"

አላየሁትም ልትል አፏን ከፈተች። መስመሩ ግን ደብዝዟል፤ ያንን ኮምፒውተር ደግሞ ከእሷ በቀር የሚነካው የለም።

"አንብቤው ይሆናላ" አለች። "አንብቤ ረስቼዋለሁ ማለት ነው።"

ቀጥሎ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ የአዳራሽ ለውጥ አመለጣት። ከዚያ ሌላ። ባለቤቱ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ትንሽ ዕረፍት ቢወስዱስ?" ሲላት ነው እናቷ ትዝ ያሏት። እናቷ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የገዛ ልጆቻቸውን "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። ያስታመመቻቸው እታለም ናት፤ እንዴት እንደሚጀምር ታውቀዋለች።

የጥገና ባለሙያው ወሬውን የሰማው ከእናቱ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ሽቦ እያገናኘ፣ ስልኩን በትከሻው ደግፎ ነበር።

"አክስትህ እንደ እማማ እየሆነች ነው" አለችው።

"ምን ሆና?"

"ሐኪም ዘንድ ሄዳለች። እሱ ተመላለሺ እንጂ ምንም አላላትም፤ እሷ ግን ቆርጣለች። የልጅ ልጇን እንኳ 'ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ጋ አትተያት፣ ምድጃ ለኩሼ እረሳለሁ' ብላ ለእናቷ መለሰቻት።"

"በምን አወቀች?"

"ኮምፒውተሩ አንብበሻል ይላታል። እሷ ማንበቧን አታስታውስም።"

ሽቦው ከእጁ ወደቀ። ሌላ ምንም መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ያ ማጣሪያ ፊቱ ላይ ድቅን አለ። እናቱ "አለህ?" ስትለው "ሥራ ላይ ነኝ" ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ እታለም በሌለችበት ደረሰ። ማጣሪያው እንዳስቀመጠው ቁጭ ብሏል። ሰረዘው። ከዚያ ያን ጊዜ የዘለለውን ሥራ ጀመረ፤ ማውጫውን ከሥሩ ማሠራት። በዚያ ቤት ቦርሳውን መሬት ሲያስቀምጥ የመጀመሪያው ነበር።

እታለም ስትመለስ ከወንበሯ ላይ አገኘችው። ምንም ሳትጠይቅ ሻይ አመጣችለት።

"ምሳ በልተሃል? ከሳህብኝ።"

"እታለም፣ ይሄ ኮምፒውተር..."

"ኮምፒውተሩን ተወው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። "አንተ ባትኖር ይሄኔ ያ ቁጥርም ሲያሳብደኝ ነበር።" ቀጥላም ድምፅዋን ቀነሰች። "አንድ ነገር ልለምንህ። እየባሰብኝ ከሄደ፣ ልጄ ብቻዋን እንዳትቸገር እርዳልኝ። አንተ ትዕግሥት ባይኖርህም ልብ አለህ።"

ማሽኒስቱ ፋይል ሊቀበል መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ወጣቱ አፉ ላይ የደረሰውን ዋጠው። "አድሼዋለሁ፣ ከእንግዲህ ችግር የለም" ብቻ አለ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ራሱን ሲያሳምን ነበር። ተስተካክሏል። ከእንግዲህ የሚያመልጣት የለም። ምንም እንዳልረሳች ራሷ ይገባታል።

አልገባትም። ደማቆቹ መስመሮች ተመለሱ፣ የሚያመልጣትም ጠፋ፤ እሷ ግን ሐኪሙ ባዘዘላት ቫይታሚን አሳበበች። "ቢያዘገየው እንጂ አያድነውም" ትላለች። የልጅ ልጇም አልተመለሰችም። እሱ ደንበኛ ቤት ገብቶ የሠራውን ነገር ሦስቴ አራቴ እየተመለሰ ያያል። እናቱ ደውላ "አክስትህ ሥራ ለመልቀቅ ማመልከቻ አስገባች" ስትለው የያዘውን ጥሎ ወደ እታለም ቤት ሄደ።

የልጅቷን ዕቃ ካርቶን ውስጥ እየከተተች አገኛት፦ ባለቀለም እርሳሶች፣ አንዲት ትንሽ ሹራብ፣ የቤት ጫማ።

"ተይው" አላት ቆሞ። "አልረሳሽም። ያንን ቁጥር ላጠፋ ብዬ፣ የሚመጣውን ሁሉ የተነበበ የሚያስመስል ነገር ትቼብሽ ሄጄ ነው።"

መጀመሪያ አልገባትም። ቀስ ብሎ ደገመላት።

"የምስክር ወረቀቱስ?"

"ሳታዪው ነው የደበዘዘው። ሁሉም እንደዚያ ነው።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትደሰታለች ወይም ትጮኽብኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር።

"መቼ አወቅህ?" አለችው።

መዋሸት ይችል ነበር። "ሻይ ካመጣሽልኝ ቀን አንድ ቀን ቀደም ብሎ።"

"ከዚያ ወዲህ እኔ ማመልከቻ ጽፌአለሁ። ልጄን አስለቅሻለሁ። ያቺ ሕፃን በስልክ 'አያቴ፣ ምን አጥፍቼ ነው?' ብላኛለች።" ሹራቧን አጠፈችው። "መሳሳትስ ሰው ይሳሳታል። ዝም ያልከው ግን ተሳስተህ ነው?"

ካርቶኑን ከፊቷ ፈቀቅ አደረገ።

"ድስቱስ?" አለች። "ባለፈው ወር ድስት አሳርሬ ጎረቤት ጭሱን አይቶ ነው የነገረኝ። እሱንም አንተ ነህ ያሳረርከው?"

ቀልድ ይሁን አይሁን መለየት አልቻለም። "ድስት ማንም ያሳርራል።"

"ማንም ያሳርራል። እኔም እንደዚያ ስል ነው የኖርኩት። አሁን የቱ ያንተ ሥራ፣ የቱ የእኔ መሆኑን በምን ልለየው?"

በማግስቱ ለማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ሠራተኞቹ ባሉበት ተናገረ። ባለቤቱ አዳምጦ ሲጨርስ ማመልከቻውን አውጥቶ ለእታለም መለሰላትና ይቅርታ ጠየቃት። እሱን ግን "ለኮምፒውተሮቹ ሌላ ሰው እንፈልጋለን" አለው። ማሽኒስቱም እንደ ወትሮው አልቀለደበትም፤ ወደ ማሽኑ ዞረ። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል። የፈሰሰው ሁሉ ግን አይለቀምም።

ከሁሉ የከበደችው የእታለም ልጅ ናት። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ስለ እናቴ ደስ ብሎኛል" አለችው። "ግን ድስቱን እኔም አይቼዋለሁ። አንዴ መፍራት ከጀመርኩ በኋላ አትፍሪ ብትለኝ አይሆንልኝም። ልጄን ከእሷ ጋር ብቻዋን አልተዋትም። አንተ የምትኖር ከሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምጣ።"

እሺ አለ።

እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአክስቱ ቤት ተቀማጭ ሆነ። እታለም አላባረረችውም፤ ቀጥታም አታናግረውም። "ለአጎትሽ ስኳር አቀብዪው" ትላለች ለልጅቷ። ልጅቷ ትሥላለች፣ እሱ እርሳስ ይቀርጽላታል፣ አያቷ ፀጉሯን ትጎነጉናለች።

አንድ ቅዳሜ እታለም ልጅቷን በእናቷ ስም ጠራቻት። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። "እኔ እማዬ ነኝ እንዴ?"

"አፌ ነው፣ አፌ" አለች አያቷ። እሷም ሳቀች።

የእሱ እናትም እሱን ለመጥራት የሦስት ሰው ስም ታዳርሳለች። ቢሆንም ከዚያ በኋላ ከአክስቱ አፍ የሚወጣውን እያንዳንዱን ቃል ሲያደምጥ ዋለ። ውኃ ልጠጣ ብሎ ጓዳ ገብቶ ምድጃውን አየ። ጠፍቷል።

አመሻሹ ላይ የልጅቷ እናት ልትወስዳት መጣች። ልጅቷ ጫማዋን ስታስር፣ እናቷ በሩ ላይ ወደ እሱ ጠጋ አለችና "እንዴት ናት?" አለችው በሹክሹክታ። ከጓዳ ይሰማ የነበረው የብርጭቆ ድምፅ ቆመ።

"ደህና ናት" አለ።

ዓይን ዓይኑን አይታው የልጅቷን እጅ ይዛ ደረጃውን ወረደች። እሱ ተመልሶ ጓዳ ገባ፤ ፎጣ አንሥቶ ብርጭቆዎቹን ማድረቅ ጀመረ። እታለም ሳታየው ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

"በእናቷ ስም ስጠራት ሰምተሃል" አለች።

"ሁሉም ሰው እኮ ስም ይሳሳታል።"

"አውቃለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ከጠየቀችህ ግን ንገራት።"

"እሺ" አለ፣ ብርጭቆውን እያገላበጠ።