የጠርሙስ ደወል

«አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ብዬዋለሁ» አሉ ጋሽ ጥዑመልሳን፣ ወረቀቱን ወደ ህሊና ሳያዞሩ።

ህሊና ዓይኗን ጨፈነች። ትናንት፣ ቀብር መልስ፣ እናቷ የአምስት ሺህ ሜትር ሯጭ ነበረች። ዛሬ ጠዋት ከአል-ማንሺያ ሰፈር የመጡ ሴቶች አሥር ሺህ አደረሷት። አሁን ደግሞ የእድሩ ሊቀመንበር ነገ በሰልስቱ በሚያነቡት የሕይወት ታሪክ ላይ ማራቶን አስገቧት። ስኳር ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ያዋላት ሴት በሞተች በሁለት ቀኗ ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር ተጨመረባት።

እናቷ በቀለች የሺህ አምስት መቶ ሜትር ሯጭ ነበረች፤ ሁለት ጊዜ የአገሯ ሻምፒዮን። ህሊና ይህን በዝግታ አስረዳች፤ ስትናደድ አማርኛዋ ወደ ዐረብኛ ያመልጥባታል። ጋሽ ጥዑመልሳን ታግሠው ሰሟት። ከዚያ፣ አራት ዙር እንኳ ለማይሞላ ሩጫ ሕዝብ ከአል-ጣኢፍ ሰፈር ድረስ ሥራ አስፈቅዶ መጥቶ እንደማያለቅስ ነገሯት።

«እሺ፣ ማራቶኑን ይጻፉት» አለች። «የካርቱሙን ውድድር ብቻ እንደነበረው ያንብቡልኝ። መጨረሻ ወጣች ይበሉ።»

«ልጄ፣ ሃያ ዓመት ሊቀመንበር ስሆን ሰነፍ ቀብሬ አላውቅም።»

እውነታቸውን ነው። ባለፈው ዓመት የሞተው፣ የሰው ባለ ሦስት እግር ረክሻ ይዞ ጠፍቶ የነበረው ሰውዬ እንኳ «ለትራንስፖርት ዘርፍ የደከመ» ተብሎ ነው የተሸኘው።

ህሊና ግን ቃል ገብታለች። እናቷ በመጨረሻው ሳምንት ክንዷን ይዛ፣ ጥዑመልሳን መዋሸቱ እንደማይቀር፣ ሌላውን እንድትተውለት ነግራት ነበር። «ያችን ዙር ግን እንዳይነጥቀኝ» አለች። «ጨርሻታለሁ።»

ነገሩ የሆነው ህሊና ሳትወለድ፣ እዚሁ ካርቱም ስታዲየም ውስጥ ነው። በቀለች ከቡድኑ ጋር ለውድድር መጥታ፣ እየመራች ሳለ፣ ሁለት ዙር ሲቀር ደወል ሰማች። ደወል ለሯጭ አንድ ዙር ቀረ ማለት ነው። ያላትን ሁሉ አውጥታ በረረች፤ መስመሩን አልፋ እጇን ዘርግታ ቆመች። እውነተኛው ደወል የተደወለው ያኔ ነው። ሌሎቹ ሯጮች አሥሩም አለፏት። ሕዝቡ እየሳቀ፣ የዛለ እግሯን እየጎተተች፣ የቀረችውን ዙር ብቻዋን ሮጣ ገባች። ከዚያ በኋላ የአሠልጣኟን ዓይን ከማየት ካርቱም መቅረት ቀለላት።

የመጀመሪያው ደወል፣ ደወል አልነበረም። ከመሮጫው ዳር የለስላሳ ሣጥን የታቀፈ ቀጭን ጎረምሳ፣ ገዢ ለመጥራት መክፈቻውን በጠርሙሶቹ አንገት ላይ አንሸራቶት ነው። ጎረምሳው በማግስቱ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቃት መጣ። ስሙ ኤልፋቲሕ ነው፤ የህሊና አባት።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ማንኪያ ብርጭቆ ነክቶ አያውቅም፤ ሻይ የሚማሰለው በዝምታ ነው። ምክንያቱን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ሁለት ቀሩ። እድርተኛው ኤልፋቲሕን የሚያውቀው ከተመልካች መሃል ሆኖ ያፈቀራት ሰው አድርጎ ነው።

ስለዚህ ጋሽ ጥዑመልሳን «ሻምፒዮን ሆና ለምን መጨረሻ ወጣች? ምክንያቱን አምጪና እጽፋለሁ» ሲሏት፣ ህሊና ወደ አባቷ ዞረች። ምንጣፉ ዳር ተቀምጦ፣ ከጎረቤታቸው ከሀጀራ ጋር እጁን ለፋቲሓ ጸሎት ዘርግቶ ነበር። ልጁ እንዳየችው ሲያውቅ አቀረቀረ።

አፏን ዘጋች። በዙሪያዋ ሃያ ለቀስተኛ ሃያ ማንኪያ በሃያ ብርጭቆ ውስጥ ያንቃጭላል። አንድ ሰው እንኳ ሻይ በሥርዓት ማማሰል አይችልም?

ከሰዓት በኋላ አባቷ ጭራሽ ጠፋ። ሚስቱ ሞታ፣ ቤቱ በሰው ተጨናንቆ፣ እሱ የሐጅ ዩሱፍን ገበያ ሲዞር ውሎ አንድ ሣጥን ለስላሳ በረክሻ ጭኖ መጣ። ያውም በጠርሙስ። የፕላስቲኩ ደጃፋቸው ካለው ሱቅ ሞልቶ ተርፏል።

«አቡይ፣ አሁን ይሄ ምን ይባላል?» አለችው።

«ጠርሙስ ነው የሚሻል» አለ። ህሊና ሣጥኑን በእግሯ ገፍታ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር አስጠጋችው።

በሰልስቱ ድንኳኑ ሞላ። በጦርነቱ ጊዜ የተበሳሳው ሸራ በለቀስተኛው ትከሻ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያካክል ፀሐይ ያንጠባጥባል። ጋሽ ጥዑመልሳን ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ማራቶኑ ላይ ሴቶቹ አለቀሱ። የበቀለች የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ራሔል ሳትቀር፣ ማራቶን ሮጣ እንደማታውቅ እያወቀች፣ ማራቶኑን አለቀሰችው። ህሊና ጥርሷን ነከሰች።

«በካርቱም ስታዲየምም በተደረገው ታላቅ ውድድር...»

ኤልፋቲሕ ተነሣ። ሣጥኑ አጠገብ ተንበርክኮ ከኪሱ አንድ የዛገ መክፈቻ አወጣና በጠርሙሶቹ አንገት ላይ ከዳር እስከ ዳር አንሸራተተው። ድምፁ ድንኳኑን ሞላው። ማንኪያዎቹ ሁሉ ቆሙ።

«ማሌሽ ያ ጀማዓ፣ ይቅርታ» አለ። «ያን ቀን ደወሉ እኔ ነኝ። እሷ የመጨረሻ ዙር መስሏት ሮጠች፤ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። መጨረሻ ወጣች። ግን ጨረሰች።»

ጋሽ ጥዑመልሳን ወረቀታቸውን አዩ፣ ሰውየውን አዩ።

«ስንተኛ?»

«አሥራ አንደኛ።»

«ከስንት?»

«ከአሥራ አንድ።»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። አንድ መስመር ሰርዘው ከላዩ ጻፉ፤ ጮክ ብለውም «አሥራ አንደኛ ወጥታ ጨረሰች» ሲሉ አነበቡት። ማራቶኑን ግን አልነኩትም።

ኤልፋቲሕ መክፈቻውን ከጠርሙሶቹ ላይ ማንሣት አቃተው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ቅጭል ቅጭል ማለታቸውን አላቆሙም። ህሊና አጠገቡ በርከክ አለች፤ መዳፏን በጠርሙሶቹ አንገት ላይ ዘርግታ፣ እስኪረጉ ድረስ ያዘቻቸው።