ሲታጠፍ የሚያጉረመርመው መኪና

ባለቤቴ ሳይፈትሽ ብሎን አይነካም። ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተሩ» የሚለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ራሱ ነድቶ ያያል፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያጣራ ሕመሙ ላይ ይደርሳል። በግምት ዕቃ የሚቀይር መካኒክ ሲያይ ኪስ አውላቂ ያየ ነው የሚመስለው። እኔ እዚያው ጋራዡ በር ላይ መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ አታውቂውም እንዳትሉኝ።

ታዲያ አንዲት መምህርት ደንበኛው ባመጣችው መኪና ምን ነካው? ጎማው አካባቢ ያጉረመርማል አለችው። አንድ ዙር ነዳና ጎማ አስቀየራት። ተመልሳ መጣች። የቀኙን ኩሽኔታ፣ ያን ጎማው የሚሽከረከርበትን፣ ቀየረላት። ደግሞ መጣች! በመጣች ቁጥር ደግሞ ጆሮው ሥር ተለጥፋ ነው የምታወራው፤ እሱም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማታል።

ቀናሁ። አዎ ቀናሁ፣ ምን ይደረግ! ለሰው ሁሉ ፈትሾ የሚሠራ ሰው ለእሷ ሲሆን የሚገምተው፣ እንድትመላለስለት ካልሆነ ለምንድን ነው? ቤቴ ሊፈርስ ነው አልኩ። ስለዚህ መኪናዋን ራሴ አድኜ ላንዴም ለሁሌም ልሸኛት ቆረጥኩ።

አንድ ረፋድ እሱ ዕቃ ሊያመጣ እንደወጣ መጣች። ቁልፉን ተቀብዬ ጎኔ አስቀመጥኳትና እሱ እንደሚያደርገው ጠየቅኳት፦ ፍሬን ስትይዢ ነው? ስትፈጥኚ ነው? እሷም አላወቀችውም። ቀጥታ ነዳሁ፤ በስሱ ያጉረመርማል። ፍሬን ያዝኩ፤ ለውጥ የለም። ወደ ግራ አጠፍኩ፤ ጸጥ አለ። ወደ ቀኝ ሳጥፍ ግን ከእኔ በኩል፣ ከግራ እግሬ ሥር፣ ድንጋይ እንደገባበት ወፍጮ ጮኸ። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጭነቱ የሚወድቀው ግራው ላይ ነው። ተመልሼ በክሪክ አነሳሁትና የግራውን ጎማ በእጄ አሽከረከርኩት፤ ሻከረኝ። እሱ የቀየረው የቀኙን ነው።

«ይሄን እንኳን መካኒክ መንገደኛም ይሰማዋል» አልኳት፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ። «እሱ እንዴት ሳይሰማው ቀረ?»

ትንሽ አመነታች። «በቀኝ ጆሮው አይሰማም እኮ» አለችኝ። «በአንድ ጆሮ ደግሞ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። አባቴም እንደዚያ ነበር። እኔ የመጀመሪያው ቀን ነው የገባኝ፤ በግራው የምጠጋውም ለዚያ ነው። አንቺማ የምታውቂ መስሎኝ።»

እኔ የምተኛው በቀኙ ነው። ሳወራው ዝም ሲለኝ፣ አኩርፎኛል ብዬ ስንቴ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ።

ሲመለስ በቀኙ ቆሜ ቀስ ብዬ ጠራሁት። ያመጣውን ዕቃ መፍታቱን ቀጠለ። በግራው ዞሬ፣ የተበላሸው የግራው ኩሽኔታ ነው አልኩት። እጁ ቆመ። የተነሳውን መኪና አየ፣ እኔን አየ፤ ገባው።

«ጆሮ ለሌለው መካኒክ ማን መኪናውን ይሰጣል ብዬ ነው» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ከሁሉም በላይ ደግሞ አንቺ እንዳታውቂብኝ ነበር የምፈራው።»

አዘንኩለት፤ አንጀቴን በላው። ግን ይሄ የማይረባ ቅናቴ ሐዘኔን ቀድሞ አፌ ላይ ደረሰ። እቅፍ አደረግኩትና፣ በደንብ እንዲሰማኝ በግራ ጆሮው በኩል፣ «እሷስ ከእኔ በፊት እንድታውቅ ማን ፈቀደላት?» አልኩት።