ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ንግግር

የጻፈችው ታሪክ ከቴሌግራም ቡድኑ ሲሰረዝ ዛሂራ ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ስልክ በምትጠግንበት ሱቅ ውስጥ ነበረች። ቡድኑ አማርኛ የሚያነቡ የካርቱም ወጣቶች የወደዷቸውን ድራማዎች በራሳቸው መንገድ እየቀጠሉ የሚጽፉበት ነው። እሷ በመረጠችው ድራማ ብርሃን የምትባል የቤት ሠራተኛ አለች፤ በመጨረሻው ክፍል አሠሪዋ ሌባ ብሎ ሲያባርራት አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ትወጣለች። ዛሂራ ግን በታሪኳ ብርሃንን በሩ ላይ አቁማ እንድትናገር አደረገቻት።

አስተዳዳሪው ወልደሥላሴ ምክንያቱን ጻፈላት። «ይሄ የቲያትር ጽሑፍ ነው። ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ንግግር፤ ድርጊቱ በቅንፍ። እኛ የምንቀበለው ትረካ ብቻ ነው። እንዲህ የሚጽፍ ትረካ ያቃተው ሰው ነው።»

አንገበገባት፤ እውነትነት ነበረውና። አባቷ ሱዳናዊ ነው፤ የተማረችውም በዓረብኛ። አማርኛ የለመደችው ከእናቷ ከዘርፈሽ አፍ ነው።

አርካዊት ሰፈር ያለው ቤቷ ገብታ ታሪኩን ወደ ትረካ ገለበጠችውና ለእናቷ አነበበችላት።

«ብርሃን የት ሄደች?» አለች ዘርፈሽ። «ስለ እሷ ይወራል እንጂ እሷ የት ታወራለች? የፊተኛው ይሻላል።» ዘርፈሽ ራሷ ዐሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች።

«ኻላስ፣ በቃ!» አለች ዛሂራ። ትረካውን አጥፍታ የፊተኛውን ታስተካክል ጀመር። አሠሪውን አንዴ «ጌታው» አንዴ «ሐጂ» ብላው ነበር፤ አንድ ስም ሰጠችው። እያንዳንዱን ተናጋሪ በየራሱ መስመር አወረደች። ቅንፍ ውስጥ ሙሉ አንቀጽ የፈጀውን ልቅሶ «በሩን ይዛ» ብላ አሳጠረችው። መልሳ ለጠፈችው። ወልደሥላሴ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰረዘው።

«ወንድም ወልደሥላሴ፣» ብላ ጻፈችለት፣ «ትረካ አልችልም፣ እሺ። ብርሃን ግን መናገር ትችላለች። ሌላ ቦታ ትናገራለች።»

ዓርብ ከሰዓት ዛሂራ ጀሪፍ ሰፈር፣ በጓደኛዋ በረባብ ግቢ ውስጥ ጽሑፉን የሚያነቡ ስድስት ሰዎች ሰበሰበች። ኑርሁሴን የሚባል የቀን ሠራተኛ የአሠሪውን ንግግር ወሰደ፤ የብርሃንን ዘርፈሽ። ሁሉም ከየስልኩ ያነባል።

«ያላ!» አለች ረባብ፤ ተጀመረ።

«ውጪ፣ ሌባ!» አለ ኑርሁሴን ተራው ሲደርስ።

ጽሑፉ ላይ የብርሃን መልስ «ሌባ አይደለሁም» የሚል ብቻ ነበር። ዘርፈሽ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከራሷ ተናገረች።

«አልወጣም። ሻንጣዬን እዚሁ ሰው ፊት ፈትሸው። ምንም ካላገኘህ ደግሞ ይቅርታ ትጠይቀኛለህ፤ ጮክ ብለህ፣ ጎረቤት እንዲሰማ!»

ዛሂራ ቃል በቃል ጻፈችው።

ረባብ የቀዳችው ድምፅ ከስልክ ስልክ ዞሮ ወልደሥላሴ ዘንድ ደረሰ። «ሰማሁት» ብሎ ጻፈ። «ትረካ ለማይችሉ ልዩ ክፍል ልክፈትልሽ?»

«ልዩ ክፍል አልፈልግም። ከሌሎቹ ጋር እኩል አውጣው፤ አለዚያ ተወው።»

ወልደሥላሴም ተወው። እሷም የራሷን ገጽ ከፈተች። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሰዎች ጽሑፍ ላኩላት፤ አንዱ ትረካ ነበር። እሱንም ለጠፈችው።