ጸጥ ያለ ክፍል

ዱሬቲ ቡሉኮውን መስኮቱ ላይ ቸንክራ እንደጨረሰች ወደ ክፍሉ መሀል ተመልሳ አንዴ አጨበጨበች። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ ተመለሰላት። ሶፋው እያለ እንዲህ አልነበረም። ሶፋውን ሸጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ከገዛች ወዲህ ቤቱ ባዶ በርሜል ሆኗል፤ ቢያስነጥሱበት ግድግዳው ራሱ «ይማርሽ» የሚል ነው የሚመስለው። ውጪ ደግሞ የአዳማ ነፋስ የጣራውን ቆርቆሮ እያነሳ ይጥላል። እሱን ዝም የሚያሰኝ ገና አልተወለደም።

ያልነካችው አንድ ነገር ቀርቷል፤ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ አልጋ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንሶላዋን እየቀየረች ታነጥፋታለች እንጂ ማንም ተኝቶባት አያውቅም። ዱሬቲ ቆማ ጥቂት አየቻት። ከዚያ አንሶላውን ገፈፈች፤ ፍራሿን አንስታ ከአቶ ገርባ ብየዳ ቤት ጋር በሚያዋስናት ግድግዳ ላይ አቆመቻት። ከሥር አንዲት የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት የፀጉር መያዣ ወደቀች። አንስታ ኪሷ ከተተቻትና እንደገና አጨበጨበች። አሁን ድምፁ እዚያው እጇ ላይ ቀረ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን እጇን አውርዳ ባዶውን ጣውላ አየች።

የአልጋዋ ባለቤት ልጇ ሀኒ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ሻሸመኔ፣ ከአባቷ እናት ከአኮ ጋዲሴ ጋር ነው። አባቷ ገመቹ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አንድ ቀን እንደወጣ መንገድ ላይ ቀረ። እሱ ከሞተ በኋላ ዱሬቲ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ በፈረቃ እየሠራች፣ ልጅቷን ዛሬ ለአንዷ ነገ ለሌላዋ ጎረቤት እየሰጠች ከረመች። ታዲያ አንድ ቀን ሀኒ «እማዬ ጋ ልሄድ ነው» ብላ ከግቢ ወጥታ ከጋሪና ከባጃጅ መሀል ተገኘች። ወሬው ሻሸመኔ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አኮ ጋዲሴ በማግስቱ መጡና «ለጊዜው እኔ ጋ ትሁን» አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ልጅቷንም እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩዋት። ግን ያ ለጊዜው የተባለ ነገር ይኸው ዓመት አለፈው። የሀኒ የመጀመሪያ ጥርስ የወለቀው ሻሸመኔ ነው፤ የተወረወረውም እዚያው፣ አያቷ ቤት ጣራ ላይ። አሁን አሁን ደግሞ እናቷን እማዬ ማለት ትታ፣ አያቷ እንደሚጠሯት «ዱሬ» ትላታለች። ዱሬቲ ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ሲናገሩት ይብሳል።

ቤቷ ሆና የምትሠራው ሥራ ካገኘች ልጇን ታመጣለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምኞት የላትም።

ግን እንዲህ ያለ ሥራ ማግኘት ቀላል መስሏት ነበር። ቴሌግራሙ ሁሉ «ቤትዎ ሆነው ይሥሩ» በሚል ማስታወቂያ ተሞልቷል። አንዱ የመመዝገቢያ ብሎ ገንዘብ ከተቀበላት በኋላ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ሌላው ለስልክ ሥራ ነው ብሎ ሲያበቃ ከድምፅዋ ይልቅ ሙሉ ቁመቷን የሚያሳይ ፎቶ ፈለገ። ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ነው ሊዲ የደወለችላት። ሊዲ የቀድሞ የሆቴል ባልደረባዋ ናት፤ አሁን ቢሾፍቱ ቤቷ ቁጭ ብላ፣ አዲስ አበባ ላለ የአውቶቡስና የዕቃ ማመላለሻ ድርጅት የደንበኞችን ስልክ ትቀበላለች። አማርኛም ኦሮምኛም አጥርቶ የሚናገር ሰው ሲፈለግ የዱሬቲን ስም የሰጠችው እሷ ናት። የጆሮ ማዳመጫውንም ያዋሰችው እሷው።

«ለስልክ ፈተናው ሁለት ነገር ብቻ ያዢ» ብላታለች። «አንደኛ ጸጥ ያለ ክፍል። ሁለተኛ ሰላምታ ላይ እንዳትቆዪ። ጥሪው ስንት እንደፈጀ ይለካል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ሰላምታ ላይ ነው፤ ደግሞ ስለራስሽ ምንም እንዳታወሪ።»

ስለ ጸጥታው ዱሬቲ ያማከረችው የግቢዋን ባለቤት እትዬ እልፍነሽን ነበር። ስህተቷም እዚህ ላይ ነው። ለእትዬ እልፍነሽ አንድ ነገር መንገር ለቀበሌው መንገር ነው። መጀመሪያ «ቤት ተቀምጦ ደግሞ ምን ዓይነት ሥራ አለ?» ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ። ሀኒን ለማምጣት መሆኑን ሲሰሙ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ከቤት ቤት ዞሩ። አቶ ገርባ የብረት መቁረጫውን አጠፋ። ባለሱቋ ፎዚያ ሬዲዮኗን ዘጋች፤ ዱዓ ማድረጓንም በሱቋ መስኮት አንገቷን አስግጋ ነገረቻት። ፈተናው የሚጀምርበት ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል የግቢው ሴቶች በርጩማ በርጩማቸውን ይዘው መጡና ጸጥታውን ሊጠብቁ በሯ ላይ ተኮለኮሉ። ሲያንሾካሹኩ ከዝናብ ባልተናነሰ ይሰማል። ዱሬቲ ልትቆጣም ልታለቅስም ቃጣት። ምን ይደረግ፣ በሩን ዘግታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ፈታኙ መሳይ ይባላል። ድምፁ ወጣት ነው፤ ቁጥብ። ሁለት ሰዎች እንደ ደንበኛ ሆነው እንደሚደውሉላት፣ እሱም እያዳመጠ እንደሚመዝን ነገራት።

«ከጎንሽ ሰው አለ?»

«የለም» አለች። እውነቷን ነው፤ ሰዎቹ ያሉት ከበሩ ውጪ ነው።

የመጀመሪያዋ ደዋይ የቆረጠችው ትኬት ቀኑ ተሳስቶባት የተናደደች ሴት ነበረች። ዱሬቲ ሆቴል ውስጥ የዚህ ዓይነቱን ሰው ጠግባዋለች። አስቀድማ እንድትናደድ ተወቻት፤ ከዚያ በለሆሳስ ይቅርታ ጠይቃ ስሟንና ቁጥሯን ተቀበለች፤ ቀኑንም አስተካከለችላት። ነገሩ አልቆ ልትሰናበታት ስትል ከበር ውጪ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ መጣ። ወዲያው የእትዬ እልፍነሽ ድምፅ ከሱ በእጥፍ በልጦ ተሰማ።

«ዝም በል አንተ! ልጅቷ ፈተና ላይ ናት!»

መሳይ ወዲያው መስመሩ ላይ ገባ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ መሳይ።

«ይቅርታ፣ ጎረቤት ናቸው።»

«ምን እያሉ ነው?»

ዱሬቲ መዋሸት አላሰኛትም። «ጸጥታ እያስከበሩ ነው» አለች።

መሳይ ሳቀ ወይስ ሳለ፣ አልለየችውም። «ቀጣዩን አገናኝሻለሁ» አለና ጠፋ።

ሁለተኛው ደዋይ ሽማግሌ ነበሩ። በኦሮምኛ ነው የጀመሩት፤ ለዛው የቆቃ አካባቢ ሰው ለዛ ነው። ትወና የለበትም፤ ነፋስ ያለበት ደጅ ላይ ቆመው የሚያወሩ ይመስላሉ። «አከም ጅርታ፣ ነጋዳ?» አሉ፣ እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነሽ ወይ ሲሉ። ዱሬቲ የሊዲን ምክር አስታወሰች። «ነጋ» ብላ ወዲያው ስማቸውን ጠየቀች። እሳቸው ግን ገና መጀመራቸው ነበር። ሀገሩ ሰላም ነው? ዝናቡስ? ጎረቤቱ ሰላም ነው? ከብቱስ ደህና ነው?

እዚህ ሀገር ለሰላምታ መልሱ አንድ ነው። የታመመም ያዘነም ሰው ቢሆን አስቀድሞ «ነጋ» ይላል፣ ሰላም ነው ማለቱ ነው፤ የመጣ ጉድ ካለ ከሰላምታው በኋላ ይወራል። ሽማግሌን መሀል ላይ ማቋረጥ ደግሞ ዱሬቲ ያደገችበት አይደለም። ላፕቶፑ ላይ ሰዓቱ ሲቆጥር እያየች መለሰች። ሀገሩ ነጋ። ዝናቡ ነጋ። በዕድሜዋ አንዲት ጥጃ እንኳ ኖሯት አያውቅም፤ ከብቱም ነጋ።

«ልጆችሽስ?» አሉ ሽማግሌው። «ልጆች ሰላም ናቸው?»

ነጋ ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣም። ዓይኗ ፍራሿ ላይ ነበር፤ መሀሏ ላይ የሀኒ ጀርባ ያጎደጎዳት ቦታ አለ። አንዲት ቃል ናት፤ ለከብቱ የሰጠችውን መልስ ለልጇም መስጠት ብቻ ነበረባት። ሰዓቱ ይቆጥራል። መሳይ ያዳምጣል።

«አንድ ልጅ አለችኝ» አለች በመጨረሻ። «ሻሸመኔ ናት። ደህና ናት መሰለኝ።»

«መሰለኝ ይባላል እንዴ?» አሉ ሽማግሌው፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። «ልጅ መሰለኝ አይባልም፤ ይጠየቃል እንጂ። እኔም የደወልኩት ለዚሁ ነው፤ ለልጄ እናቷ የሰጠችኝን ቅቤ ልኬላት አልደረሳትም። ቅቤው አይደለም የሚቆጨኝ፤ እናቷ የላከችላት መሆኑን ሳታውቅ እንዳትቀር ነው።»

ዱሬቲ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። ስማቸው ጫምሳ ነበር። የተላከበትን ቀንና የተቀባይዋን ስልክ ጠየቀቻቸው፤ በመመሪያው መሠረት የሚደረገውን ሁሉ አደረገች። ድምፅዋ ተመልሶ ነበር። ሲለያዩ ሽማግሌው መርቀዋት ዘጉ።

«አባ ጫምሳ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ናቸው» አለ መሳይ። «ሁሉንም ተፈታኝ የምንፈትነው በሳቸው ነው። አብዛኛው ሰው ያቋርጣቸዋል። አንቺ ረዘም አድርገሻል። ስለራስሽም አውርተሻል።»

«አዎ» አለች።

«ከኃላፊዬ ጋር ተነጋግሬ ዛሬውኑ በስልክሽ እደውላለሁ። መልሱን የሚጠብቁ ሌሎች ሰዎችም ስላሉ፣ ካላነሳሽ ወደ ቀጣዩ ሰው ነው የምደውለው፤ ስልክሽ እንዳይያዝ።»

በሩን ስትከፍት ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀና አሉ። እትዬ እልፍነሽ ፊቷን አይተው ምንም አልጠየቁም። «በሉ ተነሱ፣ ልጅቷ ትረፍ» አሉና በርጩማቸውን አንስተው ሌሎቹን እየነዱ ሄዱ። ከግድግዳው ማዶ የአቶ ገርባ መቁረጫ ገና ዝም እንዳለ ነው፤ ማንም አብራው አላለውም።

ዱሬቲ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጀርባዋን ለፍራሿ ሰጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስልክሽ እንዳይያዝ ተብላለች። ልብ ብላ ሰምታለች። ግን የሽማግሌው ቃል አላስቀምጥ አላት፤ ልጅ ይጠየቃል እንጂ። ለምኑ ነው ታዲያ ይህ ሁሉ ቡሉኮ፣ ይህ ሁሉ ሚስማር? ለአንድ አፍታ ብቻ አለችና ሻሸመኔ ደወለች።

ያነሳችው ራሷ ሀኒ ነበረች።

«ዱሬ፣ አከም ጅርታ?» አለች፣ እንደ አሮጊት ረጋ ብላ። «ነጋዳ?»

«ነጋ፣ የኔ እናት። አንቺስ?»

«ነጋ። እትዬ እልፍነሽ ደህና ናት? አቶ ገርባስ ደህና ነው? ሥራሽ ደህና ነው?» ትንፋሽ ወሰደች። «አኮ ሁሉም ተጠይቆ ካላለቀ ወሬ አይጀመርም ብላለች። ቤትሽስ ደህና ነው?»

ቤትሽ አለቻት፣ እንደ እንግዳ። ዱሬቲ ከንፈሯን ነክሳ «ነጋ» አለች። በዚህ መሀል ጆሮዋ ውስጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ገባ፤ ሌላ ሰው እየደወለ ነው። ስልኩን ከጆሮዋ ነጥላ አየችው። የአዲስ አበባ ቁጥር ነው።

መሳይ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነበር። ሀኒን ቆዪ ብትላት ትቆያለች፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ መቆየትን ለምዳለች። ይህች የመጨረሻዋ ሐሳብ እጇን ያዘችው።

«ዱሬ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«አልጋዬስ?» አለች ሀኒ። «አልጋዬ ደህና ናት?»

ዱሬቲ ዞር ብላ ጥጉን አየች። አልጋዋ ባዶ ጣውላዋን አግጣ ቆማለች። ስልኩ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ስልኩን በጉንጯና በትከሻዋ መሀል ይዛ ተነሳች። ፍራሿን ከግድግዳው አወረደቻት፤ ተሸክማ ወስዳ ጣውላው ላይ ዘረጋቻት፤ ጠርዟን በእጇ ዳበስ አድርጋ አስተካከለች። ከዚያ ኪሷ ውስጥ ያለችውን ቢራቢሮ አውጥታ ትራስ የሚሆንበት ቦታ ላይ አስቀመጠቻት።

«ነጋ» አለች። «አልጋሽ ደህና ናት።»

ክፍሉ ቃሏን ተቀብሎ ከግድግዳ ግድግዳ ሲያላጋው ሰማች። ከማዶ የአቶ ገርባ መቁረጫ ተነሳ። ጢጥ የሚለው ድምፅ አሁንም አልቆመም፤ ሀኒም ገና አልጨረሰችም፤ ስለ ፎዚያ ሱቅ እየጠየቀች ነበር።