መስመሮቹ ከየት መጡ

የክሊኒኩ የዓይን ምስል አንሺ ሲድራ የአገጭ ማሳረፊያውን በአልኮል ጠርጋ እስኪደርቅ ጠበቀችና የምስል ማንሻ ማሽኑን ወደ ጋሽ ዓብዱልመጂድ አስጠጋችው።

«መርፌው የታለ?» አሉ።

«መርፌ የለም፣ ጋሼ። ብርሃን ብቻ ነው።»

ባለፈው ዓመት ሌላ ክሊኒክ ውስጥ የዓይናቸውን የደም ሥሮች ለማየት ቢጫ ቀለም በክንዳቸው ተወግተው፣ መኪናቸው ጋ ሳይደርሱ አስመልሷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስኳራቸውን ይለካሉ እንጂ ዓይናቸውን አሳይተው አያውቁም። ዛሬም ከሚኖሩበት ከኦበርን ከተማ ካፒቶል ሂል ሰፈር ወዳለው ወደዚህ ክሊኒክ የመጡት፣ ልጃቸው ቶይባ መርፌ እንደሌለ ስለማለችላቸው ነው። ምስሉ ካልጠራ ግን ምስሉን የምታነበው ሐኪም ያንኑ ቀለም ማዘዟ አይቀርም። ያን ጊዜ ተነስተው እንደሚሄዱ ለሲድራ ገና ሲገቡ ነግረዋታል።

«ሶ፣ ያለ ቀለም ደሙን በምን ያየዋል?»

«አንዱን ቦታ ደጋግሞ ያነሳዋል። ከምስል ምስል ያልተለወጠው ሥጋ ነው፤ የተለወጠው የሚሄድ ደም ነው። ልዩነቱን ብቻ ይሥለዋል።»

ጋሽ ዓብዱልመጂድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳሉ። ትንሽ አሰቡ። «መደርደሪያው ቆሟል፣ ካርቶኑ ይሄዳል። የሚሄደውን ብቻ ያያል በይኛ።»

«ልክ እንደሱ።»

«የኛ አለቃ ደግሞ የሚያየው የቆመውን ብቻ ነው። ደሙ የቆመበትስ?»

«ጥቁር ሆኖ ይቀራል።»

አገጫቸውን አሳረፉ። የወጣው ምስል እንደ ቀጭን መረብ ነበር፣ ነገር ግን ነጫጭ መስመሮች አግድም ቆራርጠውታል። ሲድራ የዓይን ጠብታ አድርጋላቸው ደገመች። መስመሮቹ አሁንም አሉ፤ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል ነው። ዓይን ሲርገበገብ እንዲህ በልክ አይመጣም።

ሦስተኛውን ስታነሳ ስክሪኑን ትታ ከጎን ፊታቸውን አየች። ዓይናቸው አልተንቀሳቀሰም። የፂማቸው ጫፍ ግን ከፍ፣ ዝቅ ይላል።

«ጋሼ፣ ዚክር ላይ ነዎት?»

«ድምፄ ተሰማ እንዴ?»

«አልተሰማም። ፂምዎ ነው የነገረኝ። አገጭዎ ሲነቃነቅ ማሽኑ ሁሉንም ነገር ደም ይመስለዋል።»

«የአላህን ስም መጥራቱን ካቆምኩት መርፌውን ነው የማስበው» አሉ ቀስ ብለው።

ሲድራ ጣታቸው ላይ እንደ ቀለበት የገባችውን፣ በአውራ ጣት ሲጫኗት የምትቆጥር ትንሽ የፕላስቲክ መቁጠሪያ አየች። «አያቁሙት። በልብዎ ይበሉት፣ አውራ ጣትዎ ይቁጠር። እጅዎ ሙቭ ቢያደርግ ችግር የለም።»

እንደገና ተቀመጡ። በጸጥታው ውስጥ የመቁጠሪያዋ ቀጭን ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ፂማቸው ቆመ። ሥሮቹ አንድ በአንድ ተለይተው ወጡ፤ የግራውም ዓይን እንዲሁ።

«ለማንበብ ይበቃል» አለች። «ምስሉ አልጠራም ተብሎ ለቀለም አይልኩዎትም።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ይኼ ሁሉ እኔ ውስጥ ነው?» ጣታቸው መስታወቱን ሳይነካ በአንዱ ሥር ላይ ሄደ፣ አንዲት ጥቁር ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይህችስ?»

«እሷን ሐኪሟ ትንገርዎት።»

«አንቺ ነግረሽኝ የለ፣ ጥቁሩ ምን እንደሆነ።»

ሲድራ ምስሉን ለሐኪሟ ላከች።

«ኦኬ» አሉ። «እጠብቃታለሁ። ሳልጠይቃት አልሄድም።»

ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አሁን ከንፈራቸው እንደልቡ ይንቀሳቀስ ነበር። ቁጥሩ ሲሞላ መቁጠሪያዋን ወደ ዜሮ መለሱ፣ ከጣታቸው አውልቀው ጃኬት ኪሳቸው ውስጥ አስገቡና ዚፑን ዘጉት።