አርባ አዝራር ለአንድ ሱቅ

የባሌን ወንድም ከሠላሳ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን በካርታ ያሸነፈኝ ጊዜ በጣት ይቆጠራል። ስለዚህ «የሱቁን ነገር በካርታ እንጨርሰው» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ፊርማዬም የአውራ ጣቴ አሻራ ነው። ሰው ግን አነባለሁ፤ ያውም ሳልንተባተብ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ሲሞት የልብስ ስፌት ሱቁ ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለወንድሙ ሆነ። ወንድሙ ቆራጭ ነው። ጨርቁን ዘርግቶ፣ በጠመኔ አስምሮ የሚቆርጠው እሱ ነው፤ የምንሰፋው እኔና ልጄ ነን፤ የሚተኩሰው ደግሞ ሰው ሁሉ «ካውያ» እያለ የሚጠራው ረጅም ሰውዬ ነው። አራታችንም የምንኖረው በዚያች ሱቅ ነው። ዘንድሮ ቆራጩ ብድግ ብሎ ትሸጥ አለ። ገዥም አምጥቷል፤ ገዥው አፍርሶ የመኪና ዕቃ መደብር ሊያደርጋት። ለምን ብዬ ስጠይቀው ደከመኝ ይላል። የደከመው ያርፋል እንጂ የሰው ጣራ አይሸጥም አልኩት። ስምንት ወር ሙሉ ተነታረክን። ሽማግሌ ገባ፤ ሽማግሌው ራሱ ራስ ምታት ይዞት ወጣ።

ካርታውን ያመጣው ባሌ ነው። ሱቁ ውስጥ ሳንስማማ ስንቀር፣ ማን መስኮቱ ሥር ይቀመጥ፣ ማን የነዝናዛ ደንበኛ ጭቅጭቅ ይስማ፣ ሁሉንም በፖከር ነበር የምንጨርሰው። በገንዘብ መጫወት ክልክል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አርባ አዝራር ይቆጠርለታል፤ አዝራሩ ያለቀበት ተሸነፈ፣ የተሸነፈ አያጉረመርምም። በዚህ ደንብ የተቆረጠ ነገር አንድ ቀንም ፈርሶ አያውቅም። ቆራጩ ይህን ያውቃል። እምቢ እንደማልለውም ያውቃል፤ እምቢ ብል ፈራች ልባል ነዋ።

እሑድ ከምሳ በኋላ በሩን ዘግተን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ልጄ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችው። እሱ ካሸነፈ ሱቁ ይሸጣል፤ እኔ ካሸነፍኩ የሽያጭ ወሬ ዳግመኛ አይነሳም። እሱ ፈረመ፣ እኔ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ተጫንኩ። ካርታውን ካውያ እንዲያድል ተስማማን። ለማዳላት ማሰብ ያስፈልጋል፤ ካውያ ደግሞ እሑድ ቀን አያስብም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። አምስት አምስት ካርታ ይታደላል። አዝራር ታስይዛለህ፣ ያልወደድከውን ካርታ ትቀይራለህ፣ እንደገና ታስይዛለህ። ባላጋራህ ወይ እኩል ያስይዛል፣ ወይ ይጨምርብሃል፣ ወይ ካርታውን ጥሎ ያስያዘውን ይተውልሃል። ሁለት ተመሳሳይ ካርታ ደህና ነው፤ ሦስት ተመሳሳይ ሁለቱን ይበላል፤ አምስቱም ባለ አንድ ምልክት ከሆኑ ደግሞ ሦስቱን ይበላሉ። ካርታው ይኸው ነው። ከባዱ ሰውየው ነው።

እኔ የማየው ትንፋሽ ነው። ደንበኛ ልለካ ሜትሬን ወገቡ ላይ ሳዞር ሆዱን ይስባል። እሱ ልክ ውሸት ነው። ዝም ብዬ እጠብቀዋለሁ፤ ትንፋሹ ሲወጣ ያኔ ነው የምለካው። ካርታ ላይም ባዶ እጁን የሚያስፈራራ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ቆራጩ ግን ይህን አመሌን ከአጠገቤ ቆሞ ሲያይ ነው የኖረው። ያን ቀን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደተኛ ሕፃን ቀስ እያለ ይተነፍሳል።

«እትዬ፣ ዛሬ ሜትርሽ አይሠራም» አለኝ።

«ለአፍህስ ድሮም አይበቃም ነበር» አልኩት። ካውያ ሳቀ፤ ልጄ አልሳቀችም።

አጀማመሬ አላማረም። ሁለት ንጉሥ ይዤ ሳለሁ በአንድ ጊዜ ስምንት አዝራር ገፋብኝ። ትንፋሹ አይናገር፣ ፊቱ አይናገር፤ ጣልኩ። ካርታውን ሳያሳየኝ ሰበሰበው። እስከዚያ ካጣሁት ጋር አሥራ አንድ አዝራር ሄደብኝ። ልጄ ጥፍሯን መንከስ ጀመረች።

ያኔ ፊቱን ተውኩትና በአዝራሩ ያዝኩት። ብዙ ሲያስይዙበት ሰው ይሸሻል፤ ትንሽ ሲያስይዙበት ይከተላል። ጥሩ ካርታ ሲደርሰኝ እንደ ፈሪ ሁለት ብቻ ገፋሁ። ተከተለኝ። ሦስት ጨመርኩ፤ አሁንም ተከተለኝ። በመጨረሻ ስንገልጥ ሦስት ሰባት ይዤ አገኘኝ። እንዲህ እያልኩ ማስመለስ ጀመርኩ። ሞኝ አይደለም፤ ትንሽ ባስያዝኩ ቁጥር መጣል ጀመረ። እኔም ያን አይቼ ባዶ እጄን ትንሽ እያስያዝኩ አስጣልኩት፤ በዚህም በዚያም አሥራ አራት አዝራር መለስኩ።

ከዚያ ስድስት ገፋብኝ። እጄ ላይ ያለው ሁለት አራት ብቻ ነው። ለመብላት አልነበረም የተከተልኩት፤ በምን ዓይነት ካርታ ስድስት እንደሚገፋ ለማየት ነው። በዕድሜዬ የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈልኩት እነዚያን ስድስት አዝራሮች ብቻ ነው። «ሁለት ንጉሥ» ብሎ ገለጠ። አንዱ ንጉሥ ነው። ሌላው ወጣቱ ነው፣ ያ ዘውድ የሌለው። በሁለት አራት በላሁት። «ቀልዴን ነው፣ ትጠነቀቂ እንደሆነ ልይ ብዬ» አለና ሳቀ። እኔም ተንኮል መሰለኝ። ዝርክርክ ነው ብዬ እንድንቀው ፈልጎ፣ ነገ ዛሬ ሳይል ሊያርደኝ ነው አልኩ በልቤ። ይህን እያሰብኩ ስጠነቀቅ በቀጣዩ ዘጠኝ ወሰደብኝ። ቆጠርን፤ ተመልሰን አርባ አርባ ሆንን።

ደመናው ወረደና ክፍሉ ደበዘዘ። ልጄ መብራት ልታበራ ተነሳች። «ተይው» አላት ቆራጩ፤ ከልክሎ አያውቃትም፣ ድምፁ ደግሞ ቆርጦ የሚጥል ነበር። «ዓይኔን ይወጋኛል።» ተመልሳ ተቀመጠች።

ካውያ አደለ። ሁለት ንግሥት ወጣልኝ። ሁለት አዝራር ገፋሁ፤ እሱ አምስት አደረገው፤ እኩል አስያዝኩ። ሦስት ካርታ ቀየርኩ፤ ሦስተኛዋ ንግሥት መጣችልኝ። እሱ የቀየረው አንድ ብቻ ነው። እኔ አምስት ጨመርኩ። እሱ ሁለት እጁን አዝራሩ ላይ ጫነና ያለውን በሙሉ ወደ መሐል ገፋው። አዝራሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ፤ አንዱ መሬት ወደቀ፣ ያነሳው የለም።

እኔም ሁሉንም ካስያዝኩ መጨረሻው ያ ነው። ከጣልኩ ሠላሳ አዝራር ይቀረኛል፤ ጨዋታው ይቀጥላል።

አየሁት። ካርታዎቹን ደፍቶ አስቀምጧቸዋል፤ የሚዋሽ ሰው ካርታውን ከእጁ አያወጣም። ትከሻው ወርዷል። እኔን አያይም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የወረቀት የልብስ ልኮች ነው የሚያየው፣ እንደሚሰናበታቸው ዓይነት። ይህ ሰው እያስፈራራኝ አይደለም። አሸንፌያለሁ ብሎ ጨርሷል፤ ያውም ደስ ሳይለው። አንድ ብቻ የቀየረው አራት ባለ አንድ ምልክት ካርታ ይዞ አምስተኛውን ሲፈልግ ነው፤ አምስተኛው መጥቶለታል። ይህ ሦስት ንግሥቶቼን ይበላቸዋል። በዕድሜዬ የማውቀው ሁሉ ጣይ ይለኛል።

ልጥል ካርታዎቹን ሰበሰብኩ። ሰብስቤም ቆምኩ።

የቀየራት ካርታ ስትደርሰው ያደረገው ነገር ዓይኔ ላይ ቀረ። ወደ መስኮቱ አዘነበላት። አቀረባት፣ አራቃት፣ እንደገና አቀረባት። ያን እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተኝ ወዲህ በቀን ሃያ ጊዜ የማደርገው ነው። ንጉሡንና ወጣቱን የቀላቀለው ለቀልድ አልነበረም። መብራቱም ያስጠላው በከንቱ አይደለም። የእኛ ካርታ ደግሞ አርጅቷል፤ ቀያዮቹ ምልክቶች፣ ልቡም ባለ አራት ማዕዘኑ ዳይመንድም፣ ደብዝዘው ያው ሆነዋል።

ሰውየውን በትክክል አንብቤዋለሁ። እሱ ካርታውን በትክክል ማንበቡን ግን በምን አውቃለሁ? ልብ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ልብ ከሆነ እኔና ልጄ ከነስፌት መኪናችን ደጅ ነን።

«ምን ሆነሽ ነው እትዬ፣ ልትጥይው ነው?» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ለመነኝ። ጣይው፣ ገላግይኝ የሚል ነገር ነበረው።

ሠላሳውን ገፋሁ። ልጄ «እማዬ» ብላ ቀረች።

ሦስቱን ንግሥቶች ዘረጋሁ። ራሱን ነቀነቀና የእሱን አንድ በአንድ ገለጠ። «አምስት ልብ» አለ። ከዚያ አዝራሮቹን በክንዱ ወደ ራሱ መሰብሰብ ጀመረ።

አራቱ ልብ ናቸው። ዘጠኟ ዳይመንድ ናት።

ልጄ አይታለች፤ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ካውያም አይቷል፤ እኔን ያያል፣ ካርታውን ያያል። ቆራጩ አዝራሩን እየሰበሰበ ነው። ዝም ካልኩ ሱቁ ሄደ። ከተናገርኩ ደግሞ የቆራጩን ዓይን ሁለት ሰው ፊት ገፈፍኩት፤ ቆራጭ ያለ ዓይን ምን ቀረው? በምላሴ ስንቱን ያስለቀስኩ ሰው ነኝ፣ አልክድም። ያን ቀን ምላሴ እንደ ድንጋይ ከበደችኝ።

«አዝራሩን ተወው» አልኩት። «ዘጠኟ ልብ አይደለችም።»

«ልብ ናት።»

«ዳይመንድ ናት።»

ሊሟገተኝ ቀና አለ። ካውያን አየው፤ ካውያ አንገቱን ደፋ። ልጄን አየ። ከዚያ ካርታዋን አነሳት። ወደ መስኮቱ አልወሰዳትም፤ በአውራ ጣቱ ዳበሳት፣ ምልክቱ በእጅ የሚያዝ ይመስል።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኩት። ዓመት አለፈው አለ። በመጀመሪያ ጭጋግ መስሎት ነበር፤ አሁን የጠመኔውን መስመር በልምድ እንጂ አይቶ አይቆርጥም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ በቀዶ ሕክምና ይሻላል ተብሏል፤ ቢነካካ ጭራሽ ይጠፋል ብሎ ፈርቶ ተመልሷል። ይህን ሁሉ የተናገረው ለአዝራሮቹ ነው፣ ለእኛ አይመስልም ነበር።

«ቆራጩ ታወረ ከሚሉኝ፣ ቆራጩ ሸጦ ሄደ ቢሉኝ ይሻለኛል ብዬ ነው» አለኝ።

«እኔን ደጅ ጥለህ?»

«ድርሻሽን ታገኚያለሽ ብዬ ነዋ።»

«አፈር ብላ» አልኩት። ሐሙስ ልጄ ሐኪም ዘንድ ትወስድሃለች፤ እምቢ ካልክ ካውያ ተሸክሞህ ይሄዳል አልኩት። ካውያ፣ እሑድ ካልሆነ እሺ አለ።

ሰኞ ጠዋት ግን ሐሙስ ሩቅ ነው። ለማክሰኞ የተቀጠረ ሙሉ ልብስ አለ፤ ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ቆራጩ መጣ፤ ይቀራል ብዬ ነበር። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ እጁን ኪሱ ከተተ። እንዲህ ተፋጥጠን እንደማይሆን ሳይ መቀሱን አነሳሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን አስነክቶኝ አያውቅም፤ ለካ እንዲህ ይከብዳል። የት እንደማስምር፣ ለስፌት ምን ያህል እንደምተው ቆሞ ነገረኝ። ልጄ ጨርቁን በሁለት እጇ ወጥራ ያዘችልኝ። ቆረጥኩ።

አንድ ክንድ ያህል እንደሄድኩ አቁሚ አለኝ። ዓይኑ ጨርቁ ላይ አልነበረም፤ ጆሮውን ነው ወደ መቀሱ ድምፅ ያዘነበለው።

«ጠመመብሽ» አለኝ።

ጨርቁን አየሁት፤ ጠሟል።