ለማየት ብቻ

መርፌ የሚሏት ሁለት ነገር አይተው ነው፤ አንድም መጋረጃ እየሰፋች ስለምትኖር፣ አንድም ምላሷ ስለሚወጋ። በዚያ እሁድ ከሰዓት ግን ምላሷ ከድቷት፣ ሳሎኑ ጥግ ከስፌት ማሽኗ አጠገብ ተቀምጣ፣ ታናሽ ወንድሟ ሲከሳት ትሰማ ነበር። ውጭ መኪናው ቆሟል። የኋላውን ወንበር አጥፎ ፍራሽ አንጥፎበታል። ፍርዱ ሳይሰጥ ማጓጓዣውን ይዞ የመጣ ከሳሽ ነው እንግዲህ።

ወንድሟን ቤተሰቡ ኢንጂነሩ ይለዋል። የኮምፒውተር ሥራ ስለሚሠራ የማንም ስልክ ሲዘጋ የሚጠራው እሱ ነው። እንደ ሐኪም ይከበራል፣ እንደ ሐኪምም በቀጠሮ ካልሆነ አይገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ መርፌ ናት አብራቸው የምትኖረው። ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ጎናቸው እንዳይቆስል ታገላብጣቸዋለች። ኢንጂነሩ ደግሞ ባገኘው ቦታ ሁሉ «አባዬ መራመድ ይችላሉ፤ አልጋ ላይ ያስቀረቻቸው እሷ ናት፣ ቤቱን ላለመልቀቅ። እኔ ብጠራቸው ብድግ ይላሉ» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ሐኪሙ ያለ ደጋፊ እንዳይቆሙ ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ቢሆንም ኢንጂነሩ ሐኪምንም የሚያርም ሰው ነው።

ካሜራውን ያስገጠመችው ራሷ መርፌ ናት፤ መጋረጃ ልታደርስ ስትወጣ አባቷን በስልኳ እንድታይ። ዘመዱ ሁሉ «እኛም እንይ» ሲላት ለየሰዉ አካውንት መክፈት ሰለቻትና አንድ ብቻ ከፈተች። ስሙ «ቤተሰብ»፣ ፓስዎርዱ የአባቷ የልጅነት ቅጽል ስም። አጎት፣ አክስት፣ ወንድም፣ የወንድም ሚስት፣ ሁሉም በዚያው ይገባል። ከስሙ ሥር «ለማየት ብቻ» የሚል ተጽፏል። በካሜራው መናገርና የተቀረጸውን ማጥፋት የሚችለው የእሷ የአድሚን አካውንት ብቻ ነው። ነው ብላ ታምን ነበር ማለት ይሻላል። አንድ ቁልፍ ለዘመድ አዝማድ አድላ በሩ ተዘግቷል ብላ የምትተኛ ሴት እሷ ናት።

ባለፈው ሳምንት ሥራ አድርሳ ስትመለስ አባቷን ወለል ላይ አገኘቻቸው። ጉንጫቸው ጠቁሯል፣ የደህናው እጃቸው አንጓ አብጧል። ምን ሆኑ ብትላቸው አፋቸው እየተሳሰረ «ጠራኝ» አሉ። ማን? «ጠራኝ።» ሕልም ነው ብላ ተወችው። ካሜራው የቀረጸውን ብትከፍት ደግሞ የበፊቱ አለ፣ የኋላው አለ፣ የወደቁበት ግን የለም። ደንግጣ መጀመሪያ የደወለችው ለማን እንደሆነ ይታወቃል። «ወንድሜ፣ ካሜራው ተበላሸ እንዴ?» አለችው፣ ሞኝ። ያንኑ ጥያቄዋን ይዞ ነው አሁን የመጣባት።

«ጋሼ፣ ይኼ ሙያዬ ነው» አለ ኢንጂነሩ፣ ለመፍረድ ወደተጠሩት አጎታቸው ዞሮ። አጎት የአባታቸው ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቤተሰቡ ውስጥ እሳቸው ካሉት የሚያልፍ የለም። «ካሜራ በራሱ አይረሳም። ሰው ካላጠፋው አይጠፋም። ማጥፋት የሚችለው አድሚን ነው፣ አድሚኗም ይቺው እዚህ የተቀመጠችው ናት። ለምን እንዳጠፋችው እርስዎ ይፍረዱ።»

«ጣለቻቸው ነው የምትለው?» አለች መርፌ።

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«አንተማ መቼ ምን ትላለህ! ያን ክፍል ከረገጥክ ስንት ጊዜህ ነው?»

«በየቀኑ አያቸዋለሁ።»

«በስልክ!»

«ማየት ማየት ነው።»

«እንግዲያው በስልክ እጠባቸዋ! በስልክ አገላብጣቸው!»

«ዝም በሉ!» አሉ አጎት። «አባታችሁ ይሰማል እኮ፣ እዚያው በሩ ጀርባ ነው የተኛው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ድካምሽን አልክድም። ግን ሰው ሲሰለች እጁ ይከብዳል። ካጠፋሽው ንገሪኝና ይቅር እንባባል። አባትሽ ለጥቂት ጊዜ እሱ ጋ ይሁን፣ አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ።»

ከወንድሟ ስድብ ይልቅ ይህ ደግነት አንገበገባት። ስድቡን ትመልሰዋለች፣ ደግነቱን በምን ትመልሰው? አባቷ የውኃ ብርጭቆ እንዴት እንደሚያዝላቸው፣ በየትኛው ጎን ሲተኙ እንደሚያቃስቱ ወደማያውቅ ቤት ሊወሰዱ ነው። የሚወሰዱትም እሷ ደብድባቸው ነው ተብሎ ነው። እንባዋ መጣ፤ ወንድሟ ፊት ላለማልቀስ የማሽኑን ጨርቅ ጨብጣ ዋጠችው።

«እስቲ ተኝቶ እንደሆን ልየው፣ ሳንቀሰቅሰው» አሉና አጎት ስልካቸውን አወጡ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ስልኩን ራቅ አደረጉ። «ተኝቷል። … ይኼ ነገር ደግሞ ምን ሆነ? ይቺ የማይክ ሥዕል ምንድን ናት? ከሰሞኑ መጣችብኝ። አጠገቧም የቆሻሻ ቅርጫት አለ። እንዳላበላሽባችሁ ብዬ አልነካኋትም።»

መርፌ ከወንበሯ ተነሣች። ማይኩና ቅርጫቱ ከእሷ ስልክ በቀር በማንም ስልክ ላይ መታየት የለባቸውም።

«ጋሼ፣ ያሳዩኝ።»

የገቡት እንደ ወትሮው «ቤተሰብ» በሚለው ነው። ከሥሩ ግን «ለማየት ብቻ» የሚለው ጠፍቶ «አድሚን» የሚል ተተክቷል።

«አፕዴት አድርጎ ይሆናል» አለ ኢንጂነሩ፣ እጁ ከአፉ ቀድሞ ተዘርግቶ። «ወዲህ በሉት፣ ላስተካክለው።» አጎት ስልክ በተበላሸ ቁጥር ለእሱ ማቀበል ስለለመዱ ሊሰጡት ነበር። መርፌ መሃል ገብታ ቆመች፣ በራሷ ስልክም ካሜራውን ለገጠመው ቴክኒሻን ደውላ ድምፁን ለቀቀችው።

ቴክኒሻኑ የነገረችውን ሰምቶ ሳይጨርስ ተቆጣ። «እስካሁን አላደሳችሁትም? የዚያ ካሜራ ፔጅ ተመልካች ለሆነ ሰው ቁልፎቹን ይደብቅበታል እንጂ አይከለክለውም። ያወቀበት ሰው በተመልካች አካውንት ገብቶ 'አድሚን አድርገኝ' የሚል ትእዛዝ ቢልክለት፣ ካሜራው አንተ ማን ነህ አይልም፣ እሺ ብሎ ያደርገዋል። ማስተካከያው ወጥቷል፣ ይጫን ብዬ ነገርኳችሁ እኮ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለወንድምሽ ነዋ! እንዲህ ያለውን ነገር ለእሱ ንገረው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

አጎት መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መልሰው ኢንጂነሩን አዩት። የኢንጂነሩ ጆሮ ቀላ፣ አፉ ግን አልተሸነፈም።

«አካውንቱ የሁሉም ነው። ሁሉም ይገባበታል። እኔ መሆኔን በምን ታውቂያለሽ?»

«እና ማን ነው? ጋሼ ናቸው? ስልካቸው ሲጠፋባቸው በምን ልደውልልህ የሚሉህ ጋሼ?»

«አላውቅም። ማስረጃ አምጪ።»

ማስረጃ አልነበራትም። አካውንቱን ለሁሉም ያደለችው ራሷ ስለሆነች በዚያ ስም የገባው ማን እንደሆነ መለያ የለም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። በደንብ ስለሚያውቅም ሶፋው ላይ መልሶ ተደገፈ።

አጎት ግን ሐሳባቸው ስልኩ ላይ ቀርቷል። «በዚች ነው እንዴ የሚያናግሩት?» አሉና በወፍራም አውራ ጣታቸው ማይኩን ተጫኗት። ከመኝታ ክፍሉ ካሜራው ጢር ሲል በግድግዳው በኩል ተሰማ። ምን እንደሚሉ ስላላሰቡ ዝም አሉ።

ስክሪኑ ላይ አባታቸው ዓይናቸውን ከፈቱ። ካሜራው ወዳለበት ቀና አሉ። ብርድ ልብሱን ገፈፉ፤ የማይታዘዘውን እግራቸውን ባበጠው እጃቸው ከአልጋው እየጎተቱ ማውረድ ጀመሩ።

«መጣሁ!» አሉ። ድምፁ ከስልኩም፣ ከበሩ ጀርባም መጣ። «መጣሁ፣ መጣሁ!»

መርፌ ሮጣ ገባች። ከአልጋው ጠርዝ ሊወርዱ ሲሉ ብብታቸው ሥር ገብታ በደረቷ ያዘቻቸው።

«አባዬ፣ ማንም አልጠራዎትም። ይቀመጡ። እኔ ነኝ።»

አልሰሟትም። አጎት ስልኩን እንደያዙ በሩ ላይ ደረሱ። ኢንጂነሩም ከኋላቸው መጥቶ ወደ ውስጥ ሳይገባ ደፉ ላይ ቆመ።

«አባዬ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

አባቱ ድምፁን ለዩት። ፊታቸው በአንዴ እንደሚገሠጽ ልጅ ሆነ። ወደ በሩ ግን አልዞሩም፤ ግድግዳው ላይ ወዳለው ካሜራ ነው ቀና ያሉት። በደህናው እጃቸው የመርፌን ትከሻ እየገፉ ለመቆም ይታገሉ ነበር።

«አትቆጣ ልጄ» አሉት ካሜራውን። «ዛሬ አልወድቅም።»